ስለ አንድ አሮጌ መኪና ቁልፍ

በዚህ መጽሔት ላይ ስለ አገር ዕድገት፣ ስለ ትምህርት ጥራትና ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ዛሬ የምንጽፈው ስለ አንድ አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ የበር ቁልፍ ነው። አንባቢ «ይኼ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» ብሎ ገጹን ከመግለጡ በፊት ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን፤ በዚያ ቁልፍ ሰበብ ያፈርንበትም የተማርንበትም ነገር አለና።

እኛ አራት ነን። ሦስታችን አምስት ኪሎ ምሕንድስና እንማራለን፤ አራተኛችን ስድስት ኪሎ ሕግ ይማራል። ሕግ ተማሪው በመኪና ሥራ ምን ሊረባን ነው ብለን ነበር፤ በኋላ እንደሚታየው ግን ከሁላችን ይልቅ የሚያስፈልገው እርሱ ኖሯል።

ጋሼ የአንዳችን አጎት ናቸው፤ ዳሩ ግን ሁላችንም «ጋሼ» እያልን ስለምንጠራቸው የማናችን አጎት እንደ ሆኑ ከተረሳ ቆየ። ተወልደው ያረጁት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ለልማት ሲነሡ የእርሳቸውም ቤት ፈርሶ ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። ልባቸው ግን እዚያው አራዳ ስለ ቀረ በሳምንት ሦስት አራት ቀን መኪናቸውን እየነዱ ይመጣሉ፤ ጊዮርጊስን ተሳልመው፣ ማኪያቶአቸውን ጠጥተው፣ ከቀሩት ባልንጀሮቻቸው ጋር ሲጨዋወቱ ውለው ማታ ይመለሳሉ። እኛም ከአምስት ኪሎ በአራት ኪሎ አድርገን፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግረን እየወረድን እናገኛቸዋለን፤ ቡናውን የሚከፍሉት ዘወትር እርሳቸው ናቸው።

ከጥቂት ዓመት ወዲህ የጋሼ እጅ ይንቀጠቀጣል። መሪ ሲይዙ አይታወቅባቸውም፤ ነገር ግን ሲመሽ የበሩን ቁልፍ ከቀዳዳው ለማስገባት ሲታገሉ ማየት ያሳዝናል። አንድ ቀን ማታ ዝናብ እየዘነበ ይህን ሲያደርጉ ቆመን አየን። ቁልፉ በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ቀለም ፍቆ ፍቆ ቆርቆሮው ብቻ ቀርቷል። ከመካከላችን አንዱ «ጋሼ፣ ሪሞት እናስገባልዎታለን!» ብሎ ጮኸ። ጋሼም ሣቅ ብለው «እናንተ ከቻላችሁ ምን ከፋኝ፤ ገንዘቡን እኔ እሰጣለሁ» አሉን።

እዚህ ላይ ስለ ነገሩ ታሪክ ጥቂት ብንል አንባቢን የምናሰለች አይመስለንም። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ መኪና ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ፣ የዚያን ዘመን መኪና አብዛኛው ክፍት ነበርና የበር ቁልፍ የሚያስጨንቀው ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ መኪና ጣራና በር፣ በሩም ቁልፍ አበጀ። እ.ኤ.አ. በ1956 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኤሌትሪክ የሚቆለፍ በር በመኪናዎቹ ላይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ የፈረንሳዩ ሬኖ ፉዌጎ በተባለችው መኪናው ላይ ከሩቅ የሚከፍት ሪሞት አወጣ፤ የፈለሰፈው ፖል ሊፕሹትስ የተባለ ሰው ስለ ነበር ፈረንሳዮች ከስሙ ቀንጭበው ዕቃውን «ፕሊፕ» ይሉታል። የጋሼ ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራች ናት። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቀርታለች፤ ሴንትራል ሎክ አላት፣ ሪሞት ግን የላትም።

እንዲህ ያሉ መኪናዎች በከተማችን ብዙ ናቸው፤ ቶሎ የሚያልቁም አይመስልም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባረጁ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው እንግዲህ መኪናውን እንደ ዓይኑ ብሌን ይዞ፣ እየጠገነና እየጨመረ መኖሩ ግድ ነው። ስለዚህም ያቀድነው ሥራ ለጋሼ ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰው የሚጠቅም መስሎን ነበር።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም። በየበሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሞተር አለች፤ መብራት ሲደርሳት ዘንጓን ወደ አንድ ወገን ትገፋና በሩ ይቆለፋል፤ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ሲገለበጥ ወደ ሌላው ወገን ትስበውና ይከፈታል። ሾፌሩ በራሱ በር ላይ ያለውን ማብሪያ ሲጫን ትእዛዙ ወደ ሪሌው ይሄዳል፤ ሪሌውም አራቱን በር አንድ ላይ ያንቀሳቅሳል። እንግዲህ ሪሞት ማስገባት ማለት አዲስ ጉልበት መጨመር ሳይሆን፣ የሾፌሩን ጣት የሚተካ አንድ ዕቃ ከማብሪያው ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው።

ዳሩ ግን ሁሉም መኪና አንድ ዓይነት ስላልሆነ ሽቦ ከመቁረጥ በፊት መለካት ያስፈልጋል። የማብሪያውን ሽቦ በቴስተር ሲለኩት፣ ሳይነካ 12 ቮልት ገደማ አሳይቶ ሲጫኑት ወደ ዜሮ የሚወርድ ከሆነ ትእዛዙ በኔጋቲቭ ነው። ሳይነካ ባዶ ሆኖ ሲጫኑት ወደ 12 ቮልት የሚወጣ ከሆነ በፖዘቲቭ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ሁለቱም ሽቦዎች ከኔጋቲቭ ጋር ተያይዘው የሚያርፉበትና ሲጫኑ ብቻ አንደኛው ወደ ፖዘቲቭ የሚዞርበት ነው፤ ይኸኛው ሽቦውን ቆርጦ በመካከል መግባትን ስለሚጠይቅ ልብ ካልተባለ ፊውዝ ያቃጥላል። በፒያሳ አሁንም አልፎ አልፎ የሚታዩት አሮጌ መርሴዲሶች ከነዚህ ሁሉ ይለያሉ፤ በራቸውን የሚቆልፈው የኤሌትሪክ ሞተር ሳይሆን ከፓምፕ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ የአየር ስበት ስለ ሆነ፣ ትእዛዙ እንደ ሌላው ግማሽ ሰከንድ ሳይሆን ብዙ ሰከንድ መቆየት አለበት።

የጋሼ ኮሮላ ትእዛዝ በኔጋቲቭ ሆኖ ተገኘ፤ ማለትም ከሁሉ የቀለለው። ከሪሞቱ ሣጥን ስድስት ሽቦዎች ይወጣሉ። ሁለቱን ከመኪናው አካል ጋር አሰርን፣ አንዱን ለመቆለፊያ፣ አንዱን ለመክፈቻ ሰጠን፣ የማያስፈልጉትን ሁለቱን በናስትሮ ጠቅልለን ተውናቸው። አንድ ተጨማሪ ሽቦ ወደ ፍሬቻው ወሰድን፤ ሲቆለፍ አንድ ጊዜ፣ ሲከፈት ሁለት ጊዜ ብልጭ እንዲል ነው። ባትሪውን እንዳይጨርስም ለካን፤ ሣጥኑ ተቀምጦ የሚወስደው 10 ሚሊ አምፔር ሆነ። ይህም በቀን 0.24፣ በ30 ቀን 7.2 አምፔር ሰዓት ማለት ነው፤ የጋሼ ባትሪ 45 አምፔር ሰዓት ስለ ሆነ፣ መኪናዋ ሳትነሣ አንድ ወር ብትቆም እንኳ አያሠጋም። ይህን ሒሳብ በወረቀት ሠርተን ለጋሼ ስናሳያቸው መነጽራቸውን አውጥተው አዩትና «ጎበዞች» አሉ። እኛም ደረታችንን ነፋን።

ከዕድሜ የተነሣ ያስቸገረን ነገር አንድ ብቻ ነበር። ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚያልፉት ሽቦዎች በጎማ ቱቦ ውስጥ ናቸው፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር ስለሚታጠፉ ከብዙ ዓመት በኋላ ውስጥ ለውስጥ ይበጠሳሉ። የኋላው ቀኝ በር እንቢ ሲለን ሞተሩ የተቃጠለ መስሎን ግማሽ ቀን ደከምን። ኋላ ቱቦውን ብንገልጠው ሽቦው ከላይ ደኅና መስሎ ውስጡ ተቆርጦ ኖሯል።

ሥራውን የጨረስነው ከጊዮርጊስ በታች፣ መኪና በሚቆምበት የመንገድ ዳር ነበር። ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ሰበሰብን፣ የዳሽቦርዱን ሽፋን መለስን፤ ከዚያም በክብር ተሰልፈን «ጋሼ ይጫኑት!» አልናቸው። ጋሼ ሲጫኑት ፍሬቻው ብልጭ አለ፣ አራቱም በር በአንድ ድምፅ «ቀጭ» አለ። ጋሼ እንደ ልጅ ደጋግመው ተጫኑት። እጃቸው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን ይሠራል፤ ቀዳዳ መፈለግ ቀረ። በዚያች ሰዓት የተሰማንን ደስታ ማንም ፈተና አልሰጠንም።

አሁን ወደ ኀፍረታችን እንምጣ።

ዕቃውን ልንገዛ የሄድን ዕለት ሻጩ ሁለት ዓይነት አቅርቦልን ነበር። አንደኛው ረከስ ያለ፣ ሁለተኛው እጥፍ ገደማ የሚያወጣ። «ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብንለው «ይኼኛው ኮዱ ይቀያየራል፤ ያኛው አይቀያየርም» አለን። ሦስት የምሕንድስና ተማሪዎች ይህን ሰምተን ምን ማለት እንደ ሆነ ሳንረዳ ቀርተን አይደለም፤ በሚገባ ገብቶናል። ጋሼ የሰጡን ገንዘብ ለውድኛው ይበቃ ነበር። እኛ ግን እርስ በርሳችን ተያይተን ርካሹን ገዛን። በተረፈው ገንዘብ አራታችንም ክትፎ በላን። «የጉልበታችን ዋጋ ነው» ተባባልን። ሕግ ተማሪው ብቻ እየበላ «ጋሼ ግን ይህን ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ፤ «ዝም ብለህ ብላ» አልነው፤ በላ።

ሳምንት ሳይሞላ የመኪና ማቆሚያውን የሚጠብቀው ልጅ ጠራን። ይህ ልጅ ከእኛ በዕድሜ ብዙም አይበልጥም፤ ከቀን እስከ ማታ እዚያ ቆሞ ማን እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሄደ፣ የማን መኪና የት እንደ ቆመች ያለ ደብተር ያውቃል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናንተ፣ የፋዘር ሪሞት እኮ ያቺንም ትከፍታለች» አለን። «የትኛዋን?» ብንለው ጥቂት ራቅ ብላ የቆመች ነጭ ቪትዝ አሳየን። ጋሼ ሲከፍቱ እርስዋም ትከፈታለች፤ ጋሼ ሲቆልፉ ትቆለፋለች። ሁለት ቀን እንደዚያ ሲሆን አይቶ መጀመሪያ ዓይኑን አላመነም፤ በሦስተኛው ቀን ግን ሆነ ብሎ ጠብቆ አረጋገጠ።

ሮጠን ሪሞቱን ከፍተን ብናይ ምክንያቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በእንዲህ ያለው ርካሽ ዕቃ ሰሌዳ ላይ ኮዱን የሚወስኑ ስምንት ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ከፖዘቲቭ ጋር፣ ወይም ከኔጋቲቭ ጋር ይያያዛል፣ ወይም ሳይያያዝ ይቀራል። ሦስት አማራጭ ስምንት ጊዜ ሲባዛ 6,561 ልዩ ልዩ ኮድ ይሰጣል። ይህም ራሱ ብዙ አይደለም፤ የእኛ ግን ከዚያም የከፋ ነበር፤ ስምንቱም ነጥቦች ከፋብሪካ እንደ ወጡ ባዶአቸውን ነበሩ። ሻጩም አልነካቸውም፤ እኛም አልነካናቸውም። ያች ቪትዝም እንደዚሁ። ስለዚህ በከተማው ውስጥ ያንን ዕቃ ገዝቶ እንዳለ ያስገባ ሰው ሁሉ የጋሼን መኪና ቁልፍ በኪሱ ይዞ ይዞር ነበር ማለት ነው፤ ጋሼም የእርሱን።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ባትሪው 10 ሚሊ አምፔር በወረቀት ያሰላን እኛው ነን። የሚያስመሰግነንን ለክተን፣ የሚያሳፍረንን ሳንከፍተው ቀረን። ደግሞም ስምንቱን ነጥብ ብንበይድ እንኳ ነገሩ ግማሽ መፍትሔ ነው፤ የማይለወጥ ኮድ በ433 ሜጋ ኸርዝ በአየር ላይ ዘወትር አንድ ዓይነት ቃል እየጮኸ ይሄዳል። አንድ ሰው አጠገብ ቆሞ አንድ ጊዜ ከቀዳው፣ ነገ ያንኑ መልሶ ቢጮኸው በሩ ይከፈትለታል።

ውድኛው ዕቃ ይህን የሚከላከለው እንዲህ ነው። ሪሞቱና ሣጥኑ በምስጢር የሚያውቁት አንድ ቍልፍ ቍጥርና አንድ ቈጣሪ አላቸው። በተጫኑት ቍጥር ቈጣሪው አንድ ይጨምራል፤ ያም በምስጢሩ ተመስጥሮ ይላካል። ስለዚህ በየጊዜው የሚወጣው ኮድ ሌላ ነው፤ ሣጥኑም ወደ ፊት ያለውን ብቻ እንጂ ያለፈውን አይቀበልም። ሕፃን ልጅ ሪሞቱን ቤት ውስጥ ሲጫወትበት ቈጣሪው ርቆ ቢሄድ እንኳ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ ተከታትለው ሲጫኗቸው መልሰው ይግባባሉ። በዚህ ረገድ ስመ ጥር የሆነው ኪሎክ የተባለው ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተወለደው በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛው። እርሱም ቢሆን የማይደፈር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀርመን ተመራማሪዎች ቺፑ የሚወስደውን ጉልበት በመለካት ምስጢሩን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሳሚ ካምካር የተባለ አሜሪካዊ፣ የሪሞቱን ድምፅ አፍኖ በመቅዳት ተለዋዋጭ ኮድን ማታለል እንደሚቻል አስመስክሯል። ፍጹም ቁልፍ የለም። ነገር ግን ለመክፈት ብልሃትና ድካም በሚጠይቅ ቁልፍና ማንም አላፊ አግዳሚ በሚከፍተው ቁልፍ መካከል ያለው ልዩነት፣ በአጥርና በሥዕለ አጥር መካከል እንዳለው ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከመካከላችን አንዱ ነጥቦቹን በድብቅ በይደን ዝም እንበል አለ። ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል፣ ክትፎውም አይነሣም። ሁለተኛው «ጋሼን ስናሳዝናቸው ምን እናተርፋለን?» አለ። እውነቱን ለመናገር ሦስታችን ወደዚያው አዘንብለን ነበር። ሕግ ተማሪው ግን በዚህ ጊዜ ዝም ብሎ የሚበላ አልሆነም። «ያቺ ቪትዝስ?» አለን። «የጋሼን ብናስተካክል የእርስዋ በር ለሌላው ሁሉ ክፍት እንደ ሆነ ይቀራል። አውቀን ዝም ካልን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ጥፋቱ የሻጩ ሳይሆን የእኛ ነው።» ለዚህ መልስ አጣን።

ጋሼን ከማኪያቶአቸው ላይ አገኘናቸው። የተናገረው አንዱ ነው፤ ያፈርነው ግን አራታችን ነን። ስለ ስምንቱ ነጥብ ስናስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙ። ስለ ገንዘቡ ስንነግራቸውም ዝም አሉ። የቁልፍ ቀለበታቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና ማገላበጥ ጀመሩ። የመኪናው ሪሞት አለበት፣ የኮንዶሚኒየሙ ቁልፍ አለበት፤ ከዚያ ሌላ አንድ ትልቅ፣ ጥርሱ ያለቀ አሮጌ ቁልፍ አለ። «ይኼ የምንድን ነው ጋሼ?» ብሎ አንዱ ጠየቃቸው። «የዶሮ ማነቂያው ቤቴ ነዋ» አሉ። በሩ ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቁልፉን ግን አልጣሉትም።

ትንሽ ቆይተው እንዲህ አሉን፦ «እዚያ ቤት ስኖር ይህን ቁልፍ ይዤ አልወጣም ነበር። ለጎረቤቴ ለእማማ እሰጣቸውና እሄዳለሁ። ዘመድ ቢመጣ ይከፍቱለታል፣ ዝናብ ቢመጣ ልብሴን ያስገቡልኛል። አርባ ዓመት እንዲያ ስንኖር አንድ ማንኪያ አልጠፋብኝም። አሁን ያለሁበት ፎቅ ላይ ሁለት ጊዜ ቆልፌ፣ ተመልሼ ደግሞ መቆለፉን አየዋለሁ፤ ፊት ለፊቴ የሚኖረውን ሰው ስሙን አላውቀውም።» ቀጠሉናም «ለክትፎው ገንዘብ አልቀየማችሁም፤ ብትነግሩኝ እኔው እጋብዛችሁ ነበር። ግን ሂዱና የዚያችን መኪና ባለቤት ፈልጋችሁ ንገሩ። መጀመሪያ እርሱ፤ የእኔ ይቆያል» አሉን።

ሁለት ከሰዓት በኋላ ቆመን ጠበቅን። የመኪናዋ ባለቤት አንዲት እመቤት ናቸው። አራት ጎረምሶች ከበዋቸው «እትዬ፣ መኪናዎ በእኛ ሪሞት ይከፈታል» ሲሏቸው ምን እንዳሰቡ መገመት አያስቸግርም። ቦርሳቸውን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው «ሌባ ናችሁ ወይስ ተማሪ?» አሉን። መታወቂያችንን ብናወጣ ጭራሹን አላዩትም። በዚህ መካከል የማቆሚያው ጠባቂ ልጅ መጣና «እትዬ፣ አውቃቸዋለሁ፤ የፋዘር ልጆች ናቸው። ነገሩን ያየሁትም እኔ ነኝ» አላቸው። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። የዩኒቨርሲቲ መታወቂያ ያላስገኘልንን እምነት የልጁ አንድ ቃል አስገኘልን። በፊታቸው ሪሞቱን ስንጫነው ቪትዟ ብልጭ አለች። እትዬም አፋቸውን በእጃቸው ይዘው «እኔ እኮ ልጄን ውስጥ አስተኝቼ ቆልፌ ዳቦ ልገዛ የምወርድበት ጊዜ አለ» አሉ።

ይህን ከሰማን በኋላ ስለ ክትፎው የቀለድን የለም።

እዚያው መንገድ ዳር የሪሞታቸውንና የሣጥናቸውን ነጥቦች በይደን ኮዱን ለወጥንላቸው፤ ይህ የጊዜው ብቻ እንደ ሆነ፣ ተለዋዋጭ ኮድ ያለውን ቢያስገቡ እንደሚሻል ነገርናቸው። ሕፃን በተቆለፈ መኪና ውስጥ ብቻውን እንዳይተዉም ሕግ ተማሪው በትሕትና ጨመረበት፤ በፀሐይ ጊዜ ሙቀቱ ከሌባ የባሰ ነውና። ከዚያም ያጎደልነውን ገንዘብ አዋጥተን የጋሼን ዕቃ በውድኛው ቀየርን። ለዚህ ስንል በዚያ ወር ከፒያሳ ኬክ ርቀን ሰነበትን።

ይህን ሁሉ የጻፍነው ገበናችንን ለማስጣት ብቻ አይደለም። ከእናንተ መካከል የአባቱን፣ የአጎቱን ወይም የጎረቤቱን አሮጌ መኪና በሪሞት ላስከፍት የሚል እንደሚኖር እናውቃለን፤ ይህንንም አንከለክልም። ሽቦ ሳትቆርጡ ለኩ። ከባትሪው በሚመጣው መስመር ላይ ፊውዝ አድርጉ። ሥራውን ስትሞክሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ፤ እኛ ይህን ባለማድረጋችን መጀመሪያ ቀን ቁልፉን ውስጥ ቆልፈን፣ ያንኑ ጠባቂ ልጅ በሽቦ እንዲከፍትልን ለምነን ነበርና። ባትሪ የሞተ ዕለት የሚያስገባው የብረቱ ቁልፍ ብቻ ስለ ሆነ የዛገውን ቀዳዳ ዘይት አጠጡት። ከሁሉ በላይ ግን ሪሞቱ ባለቤቱን ሲያስገባ አይታችሁ አትሂዱ፤ ሌላ ማንን እንደሚያስገባ ፈትሹ። በር መክፈት ቀላል ነው፤ ለማን እንደሚከፈት መወሰን ነው ሥራው።

ደግሞም ነገሩ በመኪና አይወሰንም። ነገ ተመርቀን ድልድይ የምንሠራ፣ መድኃኒት የምናዝ፣ ውል የምንጽፍ እኛ ነን። የሚያሠራን ሰው እንደ ጋሼ መነጽሩን አውጥቶ ሒሳባችንን ያይና «ጎበዞች» ይለናል፤ ውስጡን አይቶ ለመፈተሽ ግን አይችልም። ተማሩ ብሎ አምኖ ይተውልናል። እርሱ የማያየው ቦታ ላይ ያሉትን ስምንት ነጥቦች የሚያያቸው ከእኛ በቀር የለም።

ጋሼ ዛሬም ፒያሳ ይመጣሉ። ማታ ሲመለሱ ሪሞቱን ይጫናሉ፣ ፍሬቻው ሁለት ጊዜ ብልጭ ይላል፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ በሩን ከፍተው ይገባሉ። የሪሞቱን ትርፍ ለማን እንደ ሰጡት ብንጠይቃቸው «ለጠባቂው ልጅ» አሉን። «ጋሼ፣ አያሠጋም?» ብንላቸው «እርሱ ባይኖር እናንተ የት ትገኙ ነበር?» ብለው ዝም አሰኙን።